በአራት ሊትር ተኩል ወደ ቡሬ

ሞተሬን የገዛኋት ከመቱ ለቅቆ ከሚሄድ አንድ ፕሮጀክት በጨረታ ነው። ያኔ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። የሞተሯ ዕድሜ ግን የእኔን የሥራ ዘመን ሁለትና ሦስት ጊዜ ያጥፋል። ኮርቻዋ ተቀዶ በወፍራም ክር ተሰፍቷል፤ ቀለሟ ድሮ ቀይ እንደነበረ የሚታወቀው ከጎን ሽፋኖቿ ሥር ነው። የነዳጅ መለኪያ የሚባል ነገር የላትም። ያላት፣ ሾፌሮች ሰልባቲዮ ከሚሉት የነዳጅ መያዣ ሥር፣ አንዲት ትንሽ መክፈቻ ብቻ ናት፤ ክፍት፣ ዝግ፣ ሪዘርቭ፣ ማለትም መጠባበቂያ። ሞተሩ መንተባተብ ሲጀምር ጎንበስ ብሎ መክፈቻዋን ወደ ሪዘርቭ ማዞር ነው። ከዚያ በኋላ ምን ያህል መንገድ እንደቀረ የሚናገር የለም።

ይህን የተማርኩት ከሁሩሙ ከተማ ስመለስ ነው። ለካ መክፈቻዋ ከመነሻውም ሪዘርቭ ላይ ነበረች። ሞተሯ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ዝም አለች። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሴት ልጅ ሞተር ስትነዳ ማየት እንኳ ያስቃል፣ ስትገፋ ማየትማ! ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች በኦሮምኛ እየቀለዱብኝ፣ እየቀለዱም ከኋላ እየገፉልኝ፣ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው አሻገሩኝ። ቤት ስደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር።

አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አየኝ። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከመቱ፣ ከጎሬና ከቡሬ ቡና እየጫነ አዲስ አበባ ሲመላለስ ጉልምስናውን የጨረሰ ሰው። መጀመሪያ እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?»

«እኔ እንጃ።»

«የሒሳብ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

ይህች ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። በማግስቱ ከሰልባቲዮው ውስጥ ያለውን ሁሉ አራግፈን በትክክል አንድ ሊትር ቤንዚን ለክተን ጨመርን። ለመመለሻ ሌላ አንድ ሊትር በፕላስቲክ ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ደግነቱ ይሠራል። እስክትቆም ነዳኋት፤ ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር ሄዳ ቆመች። ተመልሼ ለአባቴ ስነግረው ፊቱን አጨማደደ።

«ይህቺ ሞተር አትጠጣም፤ ትሰክራለች እንጂ!» አለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ የእኔና የአባቴ ሆነ። የአየር ማጣሪያዋን ፈታንና በአቧራ የተደፈነውን ስፖንጅ አጠብን። ካርቡሬተሯን አወረደ፣ ቀዳዳዎቹን በአፉ እየነፋ አጸዳቸው። አየር የጎደላቸውን ጎማዎቿን ነፋን፤ ዝገት የያዘው ሰንሰለቷ ዘይት ጠጣ። ይህ ሁሉ ሆኖ ቁጥሩ ወደ ሠላሳ አንድ ብቻ ከፍ ሲል ግን አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አሁን የቀረው የአንቺ እጅ ነው» አለኝ። «ቤንዚን የሚበላው ሞተሩ አይደለም፤ እጅሽ ነው። ዳገት ሲመጣ አትደንግጪ። ሳትደርሺበት ፍጥነት ያዢ። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ እጅሽን ልቀቂ፤ መሬቱ ራሱ ይወስድሻል። ጆሮሽን ስጫት፤ የምትፈልገውን ማርሽ ራሷ ትነግርሻለች።»

ብዙ ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ቀን እንደገና አንድ ሊትር ለክቼ በጎሬ መንገድ ላይ ስነዳ፣ ቆጣሪው ከሠላሳ አምስት አልፎ ሠላሳ ስድስት ሲል፣ ከዚያ ሠላሳ ሰባት ሲል፣ የራስ ቁሬ ውስጥ ብቻዬን እጮህ ጀመር። በሠላሳ ስምንት ቆመች። መንገድ ዳር ማሽላ ይጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት ሞተሬ ስትቆም ስዘልል አይተው አደጋ የደረሰብኝ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ቤንዚን ስለጨረስኩ ደስ ብሎኝ እንደሆነ ስነግራቸው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ማሽላቸው ተመለሱ።

የቡሬው ስልክ የተደወለው ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ነው። በመቱ ማደያው በሰንሰለት ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ሚኒባሶቹ መናኸሪያ ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል፤ መንገድ ዳር በጠርሙስ ይሸጥ የነበረው ቤንዚንም ከዓይን ጠፍቷል። የደወለው የአባቴ የረጅም ዘመን ጓደኛ ነው፤ እሱም እንደ አባቴ ሾፌር የነበረ፣ አሁን ቡሬ ላይ ቡናውን እየለቀመ የሚኖር። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ለእኔም ይሰማል።

«እሑድ ለልጄ ሽማግሌ ይመጣል። አንተ ሳትቀመጥ እኔ አልቀመጥም!»

ይህ ለአባቴ ተራ ግብዣ አልነበረም። ልጅቷ የተወለደችው በእሱ መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። እናቷ ምጥ ሲይዛት ክረምት ነበር፤ አባትየው ሩቅ አገር ጭነት ላይ ነው፤ ከቡሬ የሚወጣ ብቸኛው መኪና ቡና የጫነው የአባቴ መኪና ሆነ። ሆስፒታል ሊያደርሳት ሲጣደፍ ከጎሬ በፊት መንገድ ላይ ወለደች፤ አብራት የተሳፈረች ጎረቤቷ አዋለደቻት። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ «እኔና መኪናዬ ያዋለድናት ልጅ» ነው የሚላት።

ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ መጣ። «ስንት ሊትር አለሽ?»

በጠርሙስም በሰልባቲዮም ያለውን ሰብስበን ለካን። አራት ሊትር ተኩል። ቡሬ ደርሶ መልስ ወደ መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ነው። እርሳስ አነሳሁ። በሊትር ሠላሳ አምስት ተኩል ከሄደች ደርሰን እንመለሳለን። ሠላሳ ስምንቱ ግን ብቻዬን የተገኘ ነው፤ አሁን ከኋላዬ አንድ ደልዳላ ሽማግሌ ይኖራል።

«አባዬ፣ አይበቃም» አልኩት።

«ይበቃል። እኔ ከኋላ ሆኜ እነዳታለሁ» አለ።

እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ሁለታችሁም አብዳችኋል» አለችና ተመልሳ ገባች።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። አባቴ ሌሊቱን ክብደት ሲቀንስ አድሯል ማለት ይቻላል፤ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ፈትቶ ጥሎታል፤ ከመፍቻዎቹም ሁለቱን ብቻ ኪሱ ከትቷል። እናቴ ለልጅቷ ቤት ብላ አንድ ጣሳ የሁሩሙ ማር ይዛ ስትመጣ ግን ጭቅጭቅ ሆነ።

«ይህ እኮ ሁለት ኪሎ ነው!» አለ አባቴ።

«ባዶ እጃችሁን ሽማግሌ ፊት ልትቀመጡ ነው? ማሩ ካልሄደ እናንተም አትሄዱም።»

ማሩ በአባቴ ጭን ላይ ሆኖ ሄደ።

የሶርን ወንዝ ድልድይ ተሻግረን የጎሬን ዳገት ስንያያዝ ጉሙ ገና ከዛፎቹ አልተነሣም ነበር። ከሃምሳ በላይ አልነዳም። አባቴ ቀኝ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጓል። አንዴ ከመታኝ እጄን ከቤንዚን መስጫው ላላ አደርጋለሁ፤ ሁለቴ ከመታኝ ማርሽ እቀይራለሁ። በጠመዝማዛው ላይ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ላያቸው ቀና ስል፣ ትከሻዬን አንዴ መታኝ። ወዲያው አንዴ ደገመኝ። ሁለተኛው ምት «ማርሽ ቀይሪ» ይሁን «ፊት ፊትሽን እዪ» ይሁን አላወቅሁም፤ ሁለቱንም አደረግሁ።

ጎሬ ላይ ቆመን ሰልባቲዮውን ከፈትንና በቢላዋ ምልክት ባደረግንበት ቀጭን እንጨት ለካን። ከአሰብነው በላይ ጠጥታለች። እንጨቱን ደግሜ ነከርኩት። አባቴ ግን አልደነገጠም። «ዳገቱን ነው የከፈልነው። ስንመለስ ቁልቁለት ሆኖ ይመልስልናል» አለ። እውነቱን ነው፤ ከጎሬ አልፈን ወደ ቡሬ ስናቀና መንገዱ እየወረደ ሲሄድ ሞተሬ ሽው አለች። ቁልቁለቱን ሁሉ ቤንዚን ሳንሰጣት ወረደች። ሁለተኛ ስንለካ ሁለት ሊትር ተኩል ቀርቷል፤ ቡሬ ደግሞ ሩቅ አይደለም። እኔ እርሳስ ሳልይዝ በጭንቅላቴ እያካፈልኩ፣ አባቴ ከኋላዬ እያንጎራጎረ፣ ያን ያህል ደስ ብሎን መንገድ የሄድንበትን ቀን አላስታውስም።

አንድ ኩርባ ስንታጠፍ መንገድ ዳር የቆመ ባጃጅ አየን። ሾፌሩ ወንበሩን አንሥቶ ውስጡን ይጎረጉራል፤ አጠገቡ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጡት እጃቸውን አነሡ። ቆምን።

«ምን ሆናችሁ?» አለ አባቴ።

«ቤንዚን አለቀብን፣ ወንድሜ። የምንሄደው ለትልቅ ጉዳይ ነው። ሰዓቱም ሊያልፍብን ነው።»

ምን ጉዳይ እንደሆነ አልነገሩንም፤ አባቴም አልጠየቀም። ወደ እኔ ብቻ አየ። እኔ ደግሞ ወደ ሰልባቲዮዬ። ግማሽ ሊትር ከሰጠን አራት ሊትር ለመቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር፤ በሊትር አርባ። አርባ አግኝቼ አላውቅም።

«አባዬ» አልኩት በዝግታ፣ «ከሰጠን አንመለስም።»

«እንመለሳለን። ትንሽ እንገፋለን እንጂ እንመለሳለን። እነዚህን ሰዎች ጥለን ቡሬ ብንገባ ግን የበላነው አይዋጥልንም።»

የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ነቅዬ የአንድ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ። ቤንዚኑ ሲወርድ ዓይኔን ከጠርሙሱ ላይ አላነሣሁም፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ትልቁ ሽማግሌ መርቀውን ሊጨርሱ አልቻሉም። ሲመርቁ በአማርኛ ጀምረው ኦሮምኛ ውስጥ ገቡ፣ ተመልሰው አማርኛ ሆኑ፤ ባጃጁ ተነሥቶ እንኳ በጎን በኩል አንገታቸውን አውጥተው «ገለቶማ! ገለቶማ!» እያሉ ያመሰግኑን ነበር።

ባጃጁ ከእኛ ኋላ ቀረ። ቡሬ ከጓደኛው ቤት ስንደርስ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ጓደኛው አባቴን አቅፎ ከመሬት አነሣው። ልጅቷ መጥታ የአባቴን ጉልበት ስትስም፣ አባቴ ማሩን ይዞ ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ዓይኑን ይጠራርግ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮች ተደርድረዋል። አባቴ ከልጅቷ አባት በስተቀኝ ተቀመጠ፤ ነጠላውን አስተካከለ፤ ፊቱን ኮስተር አደረገ። የሴት ወገን ሽማግሌ ሲመጣበት መኮሳተር አለበት።

በሩ ተንኳኳ። ገቡ። ሦስት ሽማግሌዎች፤ ነጭ ጋቢ፤ ዱላ። ከፊት ያሉት ትልቁ ሽማግሌ ቀና ሲሉ ከአባቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

እኔ ከጓዳው በር ሆኜ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ሽማግሌው ለቅጽበት ሊስቁ ነበር፤ ራሳቸውን ያዙ። አባቴም ኮስተር እንዳለ ቀረ፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው «ቁጭ በሉ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። የልጁን ጠባይ፣ ሥራውን፣ ወላጆቹን አወሩ። የልጅቷ አባት ሰማና እንደ ልማዱ መለሰ።

«መልካም ነው። እኛም እንመካከራለን። ዘመድም እናማክራለን። በሦስተኛው ሳምንት ብትመለሱ...»

ትልቁ ሽማግሌ ቀጠሮውን ሳያስጨርሱ ዱላቸውን መሬት ላይ ጣል አደረጉ።

«የለም! እባክዎ ቀጠሮ አይስጡን። ዛሬ የመጣነው በእኝህ ሰውዬ ቤንዚን ነው» አሉና አባቴን በጣታቸው አመለከቱ። «በሦስተኛው ሳምንት ማን ይሰጠናል?»

የልጅቷ አባት ወደ አባቴ ዞረ። «ምንድን ነው የሚሉት?»

አባቴ ከዚያ በላይ መኮሳተር አልቻለም። ነገሩን ሲነግረው ጓደኛው ጭኑን እየመታ ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ጓዳ ያሉት ሴቶች ሳይሰሙ እልል አሉ፤ ከዚያ የሆነውን ሲሰሙ ደግመው እልል አሉ። ጓደኛው ሳቁን ሲጨርስ ዓይኑን ጠርጎ አባቴን ጠየቀው።

«በል እንግዲህ አንተ ነህ ያዋለድካት። ምን ትላለህ?»

አባቴ ልጅቷን አስጠራት። መጥታ በሩ ጋ ቆመች። «ልጁን ትፈልጊዋለሽ?» አላት፤ ወግ ይፈርሳል ብሎ አልተጨነቀም። አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች።

«እንግዲያውስ» አለ አባቴ፣ «ቀጠሮ ሰጥተን ሽማግሌ መንገድ ላይ አናስቀር። ተሰጥታለች!»

በላን፣ ጠጣን፣ ሰርጉ በጥር እንዲሆን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ በቡሬ ቤት ለቤት ዞረው ቤንዚን ሊፈልጉልን ሞከሩ፤ ለራሳቸው መመለሻም አላገኙም። ስምንት ሰዓት ላይ ተሰናብተን ወጣን።

ወደ ጎሬ ያለው መንገድ አሁን ዳገት ነው። አባቴ ትከሻዬን አንዴም አልመታኝም፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሞተሯን ተወልኝ። እኔም ጆሮዬን ሰጠኋት። ጎሬ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው አስነጠሰች። ሪዘርቭ አደረግኳት። ቀጠለች፣ ቀጠለች፣ ደግማ አስነጠሰችና ቆመች።

«ውረጂ» አለ አባቴ። «በመክፈቻዋ በኩል አስተኛት።»

«ለምን?»

«ሰልባቲዮው ከታች ሁለት እግር ነው። መክፈቻው ያለው በአንዱ እግር ብቻ ነው። በሌላው በኩል የተኛ ቤንዚን አለ።»

ሞተሯን በግራ ጎኗ አጋደምናት። ውስጧ ትንሽ ነገር ችልል ብሎ ሲሻገር ሰማሁ። አንድ የቡና ስኒ የሚሞላ ቢሆን ነው። አነሣናትና በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣች! በዚያች ስኒ ቤንዚን የመጨረሻውን ዳገት ወጥተን ጎሬ ገባን። እኔ እየጮህኩ፣ አባቴ ጀርባዬን በሁለት እጁ እየደበደበ፣ መንገድ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል።

ከጎሬ በታች ሞተር የለም፤ ያቺም ስኒ አልቃለች። ፎሌ ላይ አድርጌ፣ ማለትም ማርሹን ሁሉ አላቅቄ፣ ሞተሩ እንደጠፋ ቁልቁለቱን ለቀቅኩት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። የጎማው ሹክሹክታና ንፋሱ ብቻ። ከጫካው ውስጥ የወፎቹ ድምፅ፣ ከታች የወንዝ ድምፅ፣ አንድ ሰው ከብቱን ሲጠራ፣ ሁሉም ይሰማል። አባቴ ከኋላዬ «ፍሬኑን እየለቀቅሽ ያዢው፣ እንዳይግል!» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ራሱ እንደ ሕፃን ይስቃል። ሜዳ ሲመጣ ወርደን እንገፋለን፤ ቁልቁለት ሲመጣ ዘለን እንወጣለን። አባቴን «አንተ ተቀመጥ፣ እኔ ልግፋ» ስለው አሻፈረኝ አለ።

የሶር ድልድይ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባለች። ወደ መቱ የሚያስገባውን ዳገት ከግማሽ በላይ የገፋነው ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ነው። አባቴ ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ያወራል፤ የሚገፉት ቆመው ይሰሙታል፤ ሞተሯ ወደ ኋላ ልትንሸራተት ስትል ሁሉም ተንጫጭቶ ይይዛታል።

ቤት ገብተን እናቴ ውሃ ስታሞቅልን፣ እኔ ወረቀት ይዤ የገፋነውን ቀነስኩ፣ የሰጠነውን ግማሽ ሊትር ቀነስኩ። በሊትር ሠላሳ ሰባት ተኩል፣ ሁለት ሰው ተጭኖ። ወረቀቱን ለአባቴ ላሳየው ወደ ሳሎን ስሄድ ስልክ ይዟል። ከቡሬ ጓደኛው ደውሎ ነበር፤ «ደረሳችሁ ወይ?» ማለቱ ነው።

«ደረስን!» ይላል አባቴ፣ እየጮኸ። «ቀጥ ብለን! አንድም ቦታ ወርደን አልገፋን! እንዲያውም ተርፎናል!»

ትከሻዬና ጭኔ ይጠዘጥዙኛል፤ መዳፌ ከመሪው የተነሣ ውሃ ቋጥሯል። ወረቀቱን አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና እግሬን ልዘፈዝፍ ሄድኩ።